አታራክሲያ፦ ልብ ሳይደፈርስ መኖር

እንግሊዝኛ ለእርጋታ የሚሆን ቃል አይቸግረውም። «ካልም» አለው፣ «ሰረኒቲ» አለው፣ «ትራንኩዊሊቲ» አለው፤ ክፉም ደግም ሲመጣ ፊቱ የማይለወጥን ሰው ለማድነቅ ደግሞ «ኢኳኒሚቲ» ይላል። ከእነዚህ ወዲያ፣ የፍልስፍና መጽሐፍ የማያገላብጥ እንግሊዛዊ ራሱ ሰምቶት ላያውቅ የሚችል አንድ ቃል አለ፦ አታራክሲያ። አንዳንዶች አሳጥረው አታራክሲ ይሉታል። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ «ከሐሳብና ከጭንቀት ነጻ የሆነ የመንፈስ እርጋታ» የሚል ፍች ይገኛል። ፍቹ ትክክል ነው፤ ቃሉ የተሸከመውን ጠብ ግን አያሳይም። የጥንት ፈላስፎች ይህን ቃል «የእኛ ነው፣ የእኛ ነው» እያሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሻምተውበታል። የጠባቸው ፍሬ ነገርም «ሰውን የሚያውከው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

አስቀድሞ አመጣጡን እንይ። የተለመዱት የእንግሊዝኛ ቃላት ከሚታይ ነገር የተወሰዱ ናቸው። «ካልም» የመጣው «ካውማ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው ተብሎ ይታመናል፤ ካውማ የሚያቃጥል ሙቀት ነው። ነገሩ ተቃራኒ ይምሰል እንጂ ምክንያት አለው፤ በሜድትራንያን አገር ቀትር ላይ ነፋሱ ይቆማል፣ ሰውም ከብትም ጥላ ፈልጎ ያርፋል። «ሰረኒቲ» ደመና የሌለበት ጥርት ያለ ሰማይ ከሚል የላቲን ቃል ይወርዳል። «ኢኳኒሚቲ»ም ላቲን ነው፤ ወዲህም ወዲያም የማያጋድል እኩል መንፈስ ማለት ነው። አታራክሲያ ግን የተሠራው በአሉታ ነው። መጀመሪያው ላይ ያለችው «አ» በግሪክኛ «የሌለው» የምትል ቅጥያ ናት። የቀረው «ታራሶ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ማማሰል፣ ማደፍረስ፣ ማናወጥ ነው። ነፋስ ባሕርን ሲያናውጥ፣ ሠራዊት በድንጋጤ ሰልፉ ሲፈርስ፣ ከተማ በሁከት ስትታመስ፣ የበሽተኛ ሆድ ሲበጠበጥ ግሪኮች የሚናገሩት በዚሁ ግሥና በዘሮቹ ነበር።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ከእንግሊዝኛው አንባቢ ይልቅ ዕድለኛ ነው። እኛም ውኃው ደፈረሰ እንላለን፤ የአካባቢው ጸጥታ ደፈረሰ ብለንም በጋዜጣ እንጽፋለን። ሆድ ይበጠበጣል፣ አገርም ይበጠበጣል፣ የሰው አእምሮም ይበጠበጣል። ስለዚህ ቃሉን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው «እርጋታ» ከሚለው ይልቅ «አለመደፍረስ» ወይም «አለመታወክ» ቢል ግሪኩ ወዳሰበው ይበልጥ ይጠጋል። እርጋታ ያለ ነገር ነው፤ አለመደፍረስ ግን የሚያደፈርስ አንድ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ያሳብቃል።

ግሡ በሌላ በር ቤታችን የገባ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው «ውኃው በተናወጠ ጊዜ» ወደ መጠመቂያይቱ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም ይላል። በምዕራፍ 14 መግቢያ ላይ ደግሞ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን «ልባችሁ አይታወክ» ይላቸዋል። በአማርኛው መናወጥና መታወክ ሁለት ቃላት ናቸው፤ በግሪክኛው ግን ውኃውን ያናወጠውም ልብን የሚያውከውም ያው «ታራሶ» ነው። አታራክሲያ የሚለው ስም ራሱ በአዲስ ኪዳን ውስጥ አይገኝም፤ ባለቤቶቹ ግን አሉ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጳውሎስ አቴና በገባ ጊዜ የኤፊቆሮስ ወገንና ኢስጦኢኮች የተባሉ ፈላስፎች እንዳገኙት ይተርካል። ብዙ ጊዜ ስማቸውን አንብበን የምናልፋቸው እነዚህ ሰዎች ናቸው ስለ አለመታወክ ሲከራከሩ የኖሩት።

ኤፊቆሮስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 ዓመት ገደማ በሳሞስ ደሴት ነው። በ306 አካባቢ አቴና ውስጥ ከአንድ የአትክልት ቦታ ጋር ትምህርት ቤቱን አቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱም «የአትክልት ቦታው» ተብሎ ቀረ። ሴቶችና ባሪያዎች ጭምር ገብተው ይማሩበት ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ለብዙዎች ነውር ነበር። የሕይወት ግብ ደስታ ነው ብሎ ስላስተማረም ስሙ እስከ ዛሬ እንደ ጠፋ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኤፒክዩር» ሲባል ጥሩ ምግብና ጥሩ መጠጥ መርጦ የሚበላ ሰው ማለት ነው። ሰውየው ራሱ ግን ለመኖይኬዎስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለተራበ ሰው የገብስ ቂጣና ውኃ ከሁሉ የላቀ ደስታ ይሰጡታል ይላል። ከወዳጆቹ ለአንዱ በላከው ሌላ ደብዳቤ ደግሞ አንድ ማሰሮ አይብ እንዲልክለት ይለምነዋል፤ ድግስ ባሰኘው ጊዜ እንዲደግስበት። ድግሱ አይብ ነበር።

ይህ ሰው ደስታ የሚለው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሁለት የአሉታ ቃላቱን አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። አንዱ «አፖኒያ» ነው፤ ሰውነት ሥቃይ የሌለበት መሆኑ። ሁለተኛው አታራክሲያ ነው፤ ነፍስ ሁከት የሌለባት መሆኗ። ሥቃይና ሁከት ከወጡ በኋላ የሚቀረው ራሱ ደስታ ነው፤ ሌላ የሚጨመርበት የለም። የጠገበ ሰው ሦስት ዓይነት ወጥ ቢቀርብለት ደስታው ይለዋወጥ ይሆናል እንጂ አይበዛም። ይህን ሐሳብ መቀበል ለዛሬ ሰው ከባድ ነው፤ ገበያው ሁሉ የቆመው በተቃራኒው ላይ ነውና። ኤፊቆሮስ ምኞቶችን ሲለይም በዚሁ መንገድ ሄደ። ምግብ፣ ውኃና መጠለያ መፈለግ የተፈጥሮም የግድም ነው። የጣመ ምግብ መፈለግ የተፈጥሮ ነው፤ የግድ ግን አይደለም። የአክሊልና የሐውልት ምኞት ግን ከሁለቱም የለበትም። ልብን የሚያደፈርሱት በአብዛኛው የኋለኞቹ ናቸው፤ ልክ ስለሌላቸው ተሟልተው አያውቁምና።

ከምኞት ይልቅ የከፉበት ግን ሁለት ፍርሃቶች ነበሩ፦ የአማልክት ቁጣና ሞት። መብረቅ ሲወርድ ዜውስ ተቆጣ የሚል ሰው በእያንዳንዱ የክረምት ማታ መታወኩ አይቀርም። ስለዚህ ኤፊቆሮስ ስለ ነጎድጓድ፣ ስለ ፀሐይ ግርዶሽና ስለ ምድር መንቀጥቀጥ ጽፏል። የሚያስደንቀው የጻፈበት ምክንያት ነው። ለፒቶክሌስ በላከው ደብዳቤ ስለ ሰማይ ነገሮች የሚገኝ እውቀት ከአታራክሲያና ከጽኑ እምነት በቀር ሌላ ግብ እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል። ከዚህም የተነሣ ለአንድ ግርዶሽ ሁለት ሦስት ምክንያት ደርድሮ «ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል» ብሎ ያልፋል። ትክክለኛው የቱ እንደ ሆነ አያስጨንቀውም፤ ምክንያቱ ተፈጥሯዊ መሆኑ ይበቃዋል። አንድ የሥነ ፈለክ መምህር ይህን ቢያነብ ራሱን መነቅነቁ አይቀርም፤ እኔም እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር ነኝ። የማወቅ ጉጉት ራሱ ደስታ መሆኑን ኤፊቆሮስ ዘነጋው። ስለ ሞት የሰጠው ማስረጃ ግን እስከ ዛሬ ፈላስፎችን ያከራክራል፦ እኛ ባለንበት ሞት የለም፣ ሞት ባለበት እኛ የለንም፤ ታዲያ የምንፈራው ማንን ነው?

ተከታዮቹ ይህን ሁሉ በአራት አጫጭር ሐረጎች ጠቀለሉት። አምላክ አያስፈራም፤ ሞት አያሳስብም፤ መልካሙን ማግኘት ቀላል ነው፤ ክፉውንም መቻል ቀላል ነው። ስሙን «ቴትራፋርማኮስ» አሉት። ይህ ስም አስቀድሞ ከሰም፣ ከሞራ፣ ከዝፍትና ከሙጫ ለሚሠራ የቁስል ቅባት የተሰጠ የመድኃኒት ስም ነበር። ሐረጎቹ የደረሱን የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ79 ሄርኩላኔም የተባለችውን ከተማ ሲቀብር እንደ ከሰል ከጠቆሩ የፓፒረስ ጥቅሎች ውስጥ ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በዛሬይቱ ቱርክ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኦይኖአንዳ የኖረ ዲዮጌኔስ የተባለ ሀብታም ሽማግሌ የኤፊቆሮስን ትምህርት በትልቅ የድንጋይ ግድግዳ ላይ አስቀርጾ አደባባይ አቁሞታል፤ አላፊ አግዳሚው መድኃኒቱን በነጻ እንዲወስድ ነው። የግድግዳው ስብርባሪ ዛሬም ከፍርስራሹ እየተለቀመ ይነበባል።

ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ሲሞት የሽንት መዘጋትና ተቅማጥ አሠቃይተውታል። በመጨረሻው ቀን ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሥቃዩ ከዚህ በላይ ሊብስ እንደማይችል ይናገርና ያንኑ ቀን ብሩክ ቀን ይለዋል፤ ከወዳጆቹ ጋር ያደረገውን ጨዋታ ማስታወስ ከሥቃዩ ፊት ለፊት ቆሞለታል። አፖኒያ ጨርሶ ጠፍቷል፤ አታራክሲያ ግን አልሄደም። ሁለቱ ቃላት ለምን ሁለት እንደ ሆኑ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ወገን የተጠራጣሪዎቹ ነው። አባታቸው የኤሊስ ሰው ፒሮን ነው። ከታላቁ እስክንድር ሠራዊት ጋር እስከ ሕንድ ድረስ ተጉዞ በዚያ ራቁታቸውን የሚኖሩ ጠቢባንን እንዳገኘ ይነገራል፤ ራሱ አንድ መስመር እንኳ ጽፎ አልተወም። የሚተረክለት ታሪክ ይህ ነው። በመርከብ ሲጓዝ ማዕበል ተነሣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ተሸበረ። ፒሮን ግን በመርከቡ ላይ አንገቱን ደፍቶ ምግቡን የሚበላ አንድ ዐሣማ አሳያቸውና ጠቢብ ሰው እንዲህ ሳይታወክ መኖር አለበት አላቸው። ታሪኩ ዝነኛ ነው፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ዐሣማው ማዕበል ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ያላወቀውን ደግሞ እንዴት አሸነፈው ይባላል? ስለ ፒሮን የሚነገረው ሌላው ታሪክ ይሻላል። ውሻ ተወርውሮ ሲመጣበት ደንግጦ ሸሸ፤ ሰዎች ሲነቅፉት «ሰው መሆንን ከላይ ገፍፎ መጣል ቀላል አይደለም» ሲል መለሰ።

ፒሮናውያን ለኤፊቆሮስ የሚሰጡት መልስ በአጭሩ «ሁከቱን የሚያመጣው አንተ መድኃኒት ያልኸው ነው» የሚል ነው። ሰው የሚታወከው ይህ በእውነት መልካም ነው፣ ያ በእውነት ክፉ ነው ብሎ ቁርጥ አድርጎ ስለሚያምን ነው። መልካም ያለውን ሲያጣ ይቃጠላል፤ ሲያገኘውም እንዳይነጠቅ ይሰጋል። ታዲያ ለእያንዳንዱ ማስረጃ እኩል ክብደት ያለው ተቃራኒ ማስረጃ ፈልጎ ፊት ለፊት ማቆም፣ ሚዛኑ እኩል ሲሆንም ፍርድን ማቆየት ይገባል። «ነው»ም «አይደለም»ም አለማለት ነው። ይህን የጻፈልን ሐኪሙ ሴክስቱስ ኤምፒሪኩስ ነው።

ሴክስቱስ በአንድ ነገር ሐቀኛ ነው፦ አታራክሲያን ማንም አሳድዶ አይዘውም ይላል። ለዚህም የሠዓሊውን የአፔሌስን ታሪክ ይጠቅሳል። አፔሌስ ፈረስ ሲሥል በአፉ ዙሪያ ያለውን አረፋ ማስመሰል አቃተው። ደጋግሞ ሞከረ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ብሩሹን የሚጠርግበትን ስፖንጅ በሥዕሉ ላይ ወረወረው። በስፖንጁ ላይ የነበረው የቀለም ቅይጥ ፈረሱ አፍ ላይ ሲያርፍ አረፋውን ቁልጭ አድርጎ አወጣው። ተጠራጣሪዎቹም እንዲሁ መጀመሪያ እውነቱን አግኝተው ለማረፍ ነበር የተነሡት። አልተገኘላቸውም፤ ፍርዳቸውንም አቆዩ። ያን ጊዜ ጥላ አካልን እንደሚከተል አታራክሲያ ሳትጠራ ተከተለቻቸው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው «መተኛት አለብኝ» ባለ ቁጥር የሚሆነውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ታሪክ አይንቅም።

ኢስጦኢኮች ይበልጥ የሚወዱት ቃል «አፓቴያ» ነበር፤ ከክፉ ስሜት ነጻ መሆን ማለት ነው። ከእነርሱ መካከል አታራክሲያን አዘውትሮ በአፉ የያዘው ኤፒክቴጦስ ነው፤ ባሪያ ሆኖ ያደገ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ፣ ነጻ ከወጣ በኋላ ሮም ያስተማረ ሰው። ንጉሠ ነገሥት ዶሚጥያኖስ ፈላስፎችን ሲያባርር ወደ ግሪክ ተሻግሮ ኒቆጶልዮን ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። የቀሩልን ንግግሮቹ ተማሪው አርያን የጻፋቸው ናቸው። ከእነርሱ መካከል በጣም የታወቀው እንዲህ ይላል፦ ሰዎችን የሚያውኳቸው ነገሮቹ አይደሉም፤ ስለ ነገሮቹ የሚሰጡት ፍርድ ነው። «የሚያውኳቸው» ያልነው በግሪክኛው ያው የውኃው ግሥ ነው።

ኤፒክቴጦስ ትልቁን ትምህርት የሚያስተምረው በትንሽ ነገር ነው። ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት ልትሄድ ነው እንበል። በዚያ ውኃ የሚረጭብህ አለ፣ የሚገፋህ አለ፣ የሚሰድብህ አለ፣ ልብስህን የሚሰርቅ አለ። ከቤትህ ሳትወጣ ይህን በልብህ ሣል፤ «እኔ የምፈልገው መታጠብ ብቻ አይደለም፤ ሐሳቤን ሳላጣ መመለስም ነው» በል። ቤት ውስጥስ? ጥቂት ዘይት ፈሰሰ፣ ትንሽ ወይን ጠጅ ተሰረቀ። ለራስህ እንዲህ በል፦ አታራክሲያ የሚሸጠው በዚህ ዋጋ ነው፤ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም። ስለዚህ ቃል ከተጻፈው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ዘይቱ ሲፈስ ጉዳት የለም አይልም፤ ዘይቱ ፈሷል። የሚጠይቀው ገንዘቡን ከከፈልህ በኋላ ዕቃውን ለምን ትተህ ትሄዳለህ ብሎ ነው።

ያው ሰው ግን ልጅህን ስትስም የምትስመው ሟች መሆኑን ለራስህ ንገር፤ ቢሞት አትታወክም ብሎም ያስተምራል፤ ይህንኑ የሚለው ስለ ማሰሮ መሰበር በተናገረበት አንቀጽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ መጽሐፉን ያጥፈዋል፤ አይፈረድበትም። ሰው ሞቶ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ሕዝብ ሐዘንን እንደ ሁከት ብቻ አያየውም። ደጋፊዎቹ ትምህርቱ ፍቅርን ለማቀዝቀዝ ሳይሆን ያለውን ጊዜ ለማስከበር ነው ይላሉ፤ ከማሰሮው ጎን መቀመጡ ግን አልረዳውም።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው ሞንቴኝ እ.ኤ.አ. በ1580 በታተሙት ድርሰቶቹ ስለ ፒሮናውያን ሲጽፍ ተጠቀመበት፤ የፍሎሪዮ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1603 ሲወጣ ቃሉም አብሮ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ከምሁራን ጠረጴዛ ብዙም ሳይርቅ ኖረ። ድንገት አደባባይ የወጣው በ1950ዎቹ ነው። ክሎርፕሮማዚን በ1952 በፈረንሳይ የአእምሮ ሕሙማንን ለማከም ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1955 ደግሞ ሜፕሮባሜት የተባለው የጭንቀት ክኒን በአሜሪካ ገበያ ወጣ። ሐኪሞች ለእነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች የጋራ ስም ሲፈልጉ «አታራክቲክ» የሚል ቃል ቀርቦ ነበር። ሕዝቡ ግን «ትራንኩዊላይዘር» የሚለውን መረጠና የግሪኩ ስም ተረሳ። ቅሪቱ በአንድ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ አለ፤ ሃይድሮክሲዚን የተባለው፣ ለማሳከክና ለጭንቀት የሚታዘዘውና እንቅልፍ የሚያስይዘው መድኃኒት «አታራክስ» በሚል ስም ይሸጣል። የጥንቶቹ ሰዎች ትምህርታቸውን በቅባት ስም ጠርተው ነበር፤ የዘመኑ ሰዎች ክኒኑን በትምህርቱ ስም ጠሩ።

ቃሉን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጠቀም ለሚሻ ሰው ሁለት ነገር ይበጃል። አንደኛ፣ ለባሕር፣ ለሐይቅ ወይም ለጸጥተኛ መንደር አይሆንም፤ የሚነገረው ስለ ሰው ልቡና ነው፤ ያውም በትምህርትና በልምምድ ስለ ተገኘ አለመታወክ። በተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነን ሰው አታራክሲያ አለው ማለት ከቦታው ውጭ ነው። ሁለተኛ፣ ከ«አታክሲያ» ጋር አይምታታ። አታክሲያ ሥርዓት ማጣት ከሚል ሌላ የግሪክ ሥር የወጣ የሕክምና ቃል ነው፤ አእምሮ የእጅና የእግርን እንቅስቃሴ ማቀናጀት ሲያቅተው የሚሰጥ ስም ነው። በፊደላችን ሲጻፉ የምትለያቸው አንዲት «ራ» ብቻ ናት፤ የሐኪም ወረቀት ላይ ያነበበ ሰው ግን ፈላስፋ ተብያለሁ ብሎ መደሰት የለበትም።